«ጎግል አታደርግም?»፦ ጠያቂን ማሳፈር የሚያስከፍለው ዋጋ

የፕሮግራሚንግ ተማሪዎች በሚሰባሰቡባቸው የአገራችን የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። «ሰላም ቤተሰብ፣ ፓንዳስን ጭኛለሁ፤ ኮዱን ሳስኬደው ግን ሞጁሉ አልተገኘም ይለኛል። እባካችሁ እርዱኝ።» ከጽሑፉ ጋር በስልክ ካሜራ የተነሣ የላፕቶፕ ስክሪን ተያይዟል፤ የመብራቱ ነጸብራቅ የጽሑፉን ግማሽ ሸፍኖታል። መልስ ለመምጣት አይዘገይም። «ጎግል አታደርግም?» ይላል አንዱ። «ስክሪንሾት ማንሳት ሳትችል ዳታ ሳይንስ አማረህ?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው የሣቅ ምልክት አስቀምጦ ያልፋል። ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው ከግሩፑ ይጠፋል፤ ሰራዡ ጠያቂው ራሱ ነው።

ጥያቄውን ግን ረጋ ብለን እንየው። የፓይተን ቋንቋ ተጨማሪ መሣሪያ የሆነውን ፓንዳስን ጭኛለሁ ለሚል ሰው «ሞጁሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣበት፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን መኖሩ ነው። ፓንዳስ የተጫነው ለአንደኛው ፓይተን ነው፤ ኮዱ የሚሄደው ደግሞ በሌላኛው። ለጀማሪ ፓይተን አንድ ስለሆነ ይህን ሊጠረጥር የሚችልበት መንገድ የለውም። ጎግል ቢያደርግ በቅድሚያ የሚያገኘው «ፓንዳስን ጫን» የሚል ምክር ነው፤ እሱ ደግሞ ጭኗል። ፎቶውም የራሱ ምክንያት አለው። የብዙ ተማሪ ኢንተርኔት ስልኩ ላይ የገዛው ፓኬጅ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አገናኝቶ የሚፈልገውን ያወርድና ቶሎ ያቋርጣል፤ ካልሆነ የዊንዶውስ ማሻሻያ ዳታውን ጠራርጎ ይጨርስበታል። ስለዚህ ስክሪኑን በካሜራ አንሥቶ በስልኩ ይልካል። እንዲህ ያደረገው ስክሪንሾት ስለማያውቅ ሳይሆን ብሩን ስለቆጠበ ነው። የሣቁበት ሰዎች የስሕተቱም የፎቶውም ምክንያት አልታያቸውም።

የዚህ ሐተታ ሐሳብ አንድ ነው። ጠያቂን በወጉ መቀበል ለቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ የጨዋነት ጌጥ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ማኅበረሰቡ ዕውቀቱን የሚያከማችበትና የነገ መምህራኑን የሚያፈራበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ማሳፈርን የለመደ ማኅበረሰብ አንድ ጀማሪ ሲያባርር፣ ያ ጀማሪ ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጠው የሚችለውን መልስም አብሮ ያባርራል። ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ የሌሎች ልምድ አለ።

ወጉ ከየት መጣ?

ዩዝኔት የተባለው የውይይት መረብ በ1979 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቶም ትረስኮትና በጂም ኤሊስ ታሰበ፤ ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር እየተደዋወሉ መልእክት ይለዋወጡበት ነበር። ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ሰዎች ነበሩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መረቡ ለጥቂት ሳምንታት ይረበሻል፤ ጥያቄ ያለቦታው ይጠየቃል፣ የተመለሰው ይደገማል። ነባሮቹ ያርማሉ፣ ይመክራሉ፤ አዲሶቹም ወጉን ይለምዳሉ። በ1994 መጀመሪያ ግን አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ የዩዝኔትን በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ሰው ጎርፍ በየወሩና በየሳምንቱ ሆነ። ነባሮቹ ያንን ዘመን ያላለቀው መስከረም ብለው ሰየሙት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የቁጥር ሚዛን ነው። አዲሶቹ ጥቂት፣ ነባሮቹ ብዙ በነበሩ ጊዜ ማረም ቀላል ነበር፤ አንድን ልጅ ዐሥር ሰው ይመክረዋል። ሚዛኑ ሲገለበጥ ምክሩ ወደ ምሬት፣ ምሬቱም ወደ ስድብ ተለወጠ። «መመሪያውን አንብብ» የሚለው ምላሽ መሐሉ ላይ የብልግና ቃል ተጨምሮበት በአራት ፊደል አጥሮ የዘወትር መልስ ሆነ። በአንጻሩ ያው ማኅበረሰብ ጠቃሚ መሣሪያዎችም ሠርቷል። የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ዝርዝር የሚባለው ነገር የተስፋፋው ዩዝኔት ላይ ነው፤ አንዴ በደንብ ተጽፎ ለሺህ ሰው እንዲያገለግል። በጥቅምት 1995 የኢንቴል ባልደረባ የነበሩት ሳሊ ሃምብሪጅ ያዘጋጁት አርኤፍሲ 1855 የተባለ የመረብ ሥነ ምግባር ሰነድ ደግሞ፣ አዲስ ሰው መልእክት ከመላኩ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብሎ እንዲያነብ መክሯል። ሰው በሚልከው ነገር ጥንቁቅ፣ በሚቀበለው ነገር ደግሞ ቻይ እንዲሆን የሚመክር ሐሳብም እዚያው ሰፍሯል። ወጉ ሲጀመር ሁለቱንም ወገን የሚያስር ነበር ማለት ነው።

በ2001 ኤሪክ ሬይመንድ ከሪክ ሞን ጋር ስለ ጥያቄ አጠያየቅ የጻፈው ረጅም መመሪያ ይህንን ወግ በዓለም ዙሪያ አሰራጨው። ከመጠየቅህ በፊት ሞክር፣ የሞከርከውን ተናገር፣ ትክክለኛውን የስሕተት መልእክት አስቀምጥ፣ ርእስህን ግልጽ አድርግ ይላል። እነዚህ ምክሮች ዛሬም ትክክል ናቸው። ነገር ግን የጽሑፉ አንድ ክፍል መልስ ሰጪውን የሚመለከት ነው፤ ችግር ያስጨነቀው ሰው ባይሆንም እንኳ ባለጌ ወይም ደካማ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አስታውሶ በገርነት መልሱለት ይላል። ጽሑፉን እንደ ድንጋይ አንሥተው ጀማሪ ላይ የወረወሩት ብዙዎች ይህን ክፍል ያነበቡት አይመስልም። ከወጉ ጠያቂውን የሚያስረው ግማሽ ተይዞ መላሹን የሚያስረው ግማሽ ተጣለ፤ ዛሬ የምናየው ንቀት ያደገው በዚህ ጉድለት ውስጥ ነው።

ቤተ መጻሕፍት ወይስ የእርዳታ መስኮት?

ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ በመስከረም 2008 የከፈቱት ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ማስተማሪያ ነው። ሥራው ላይ ያለ ፕሮግራመር ሁሉ ያውቀዋል። ጥሩ መልስ ለሰጠ ሰው በእያንዳንዱ የድጋፍ ድምፅ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲጨምር ሥልጣኑም ይጨምራል። 15 ነጥብ ያለው የድጋፍ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ 50 ያለው በሌሎች ጥያቄ ሥር አስተያየት ይጽፋል፤ 125 ያለው የተቃውሞ ድምፅ ይሰጣል፤ 3,000 ያለው ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ አሠራር ድንቅ ውጤት አምጥቷል። ቀድሞ ለአንድ ስሕተት መፍትሔ ለማግኘት ረጅም ጭቅጭቅ ማንበብ ግድ ነበር፤ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ግን የተሻለው መልስ ወደ ላይ ይወጣል። በ2021 ፕሮሰስ የተባለ ኩባንያ ድረ ገጹን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው፣ የዋጋው መሠረት በጎ ፈቃደኞች ያለክፍያ የጻፏቸው መልሶችና እነሱን ፍለጋ የሚመጣው ሕዝብ ነበር።

ይኸው አሠራር ግን ጀማሪውን በር ላይ ያስቀረዋል። አዲስ የተመዘገበ ሰው 1 ነጥብ ይዞ ይጀምራል። የሚፈልገውን የሚመስል መልስ አግኝቶ አንድ ነገር አልገባው ቢል፣ እዚያው ሥር ማብራሪያ ለመጠየቅ 50 ነጥብ ስለሚያስፈልገው አይችልም። ቸግሮት ጥያቄውን በመልስ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ቢጽፈው «ይህ መልስ አይደለም» ተብሎ ይሰረዝበታል። አዲስ ጥያቄ ቢከፍት «ከዚህ በፊት ተጠይቋል» ተብሎ ይዘጋበታል። ደንቦቹን አንድ በአንድ ለሚያይ እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንድ ላይ ሲገጥሙት ግን ጀማሪው የሚረዳው «አንተን አንፈልግም» የሚል መልእክት ነው።

የግጭቱ ሥር ሁለቱ ወገኖች ቦታውን በተለያየ ዓይን ማየታቸው ነው። ነባሩ ቤተ መጻሕፍት እየሠራ ነው፤ ለሱ የተደጋገመ ጥያቄ መደርደሪያ የሚያበላሽ ቆሻሻ ነው። ጀማሪው የመጣው ወደ እርዳታ መስኮት ነው፤ ነገ የሚያስረክበው ሥራ አለበት። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሆኖም የቦታውን ዓላማ ለእንግዳው ማስረዳት ያለበት ባለቤቱ ነው። ኩባንያው ራሱ በሚያዝያ 2018 በምክትል ፕሬዚዳንቱ በጄይ ሃንሎን ጽሑፍ አማካይነት፣ ድረ ገጹ ለአዲስ ሰዎች፣ ለሴቶችና ለሌሎች ወደ ዳር ለተገፉ ቡድኖች የማይመች ቦታ መሆኑን በይፋ አመነ። በዚያው ዓመት አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። በየዓመቱ በሚያካሂደው የፕሮግራመሮች ጥናት ከመላሾቹ መካከል የሴቶች ድርሻ ከ10 በመቶ በታች መሆኑ ሲታይ፣ ማመኑ ዘገየ እንጂ አልተጋነነም።

ዐዋቂ ለምን ይቆጣል?

ጠያቂን የሚያሳፍር ሰው ሁሉ ክፉ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ብዙዎቹ ከሥራ ሰዓታቸው ቀንሰው በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ለምን ይቆጣሉ?

አንደኛው ምክንያት ዕውቀት ራሱ የሚያመጣው መጋረጃ ነው። በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን ያካሄደችው ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሰዎችን ለሁለት ከፈለቻቸው፤ አንዱ የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይመታል፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። መቺዎቹ አድማጮች ግማሹን ያህል ያውቃሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ሆኑ። መቺው ጭንቅላቱ ውስጥ ዜማው ሙሉ ሆኖ ስለሚሰማው፣ አድማጩ የሚሰማው ደረቅ ኳኳታ መሆኑን መገመት ያቅተዋል። «ፓዙን አስተካክለው» ብሎ የሚመልስ ፕሮግራመርም እንዲሁ ነው። ለሱ ሙሉ መልስ ሰጥቷል። ፓዝ ምን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ለማያውቀው ልጅ የደረሰው ግን ኳኳታው ብቻ ነው። ልጁ መልሶ ሲጠይቅ ዐዋቂው «ነግሬው እኮ አይሰማም» ብሎ ይበሳጫል።

ሁለተኛው ድካም ነው። አንድን ጥያቄ ለመቶኛ ጊዜ የሚያየው ነባሩ ሰው ነው፤ ጠያቂው ግን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቁ ነው። በመቶኛው ላይ የተጠራቀመው ብስጭት ምንም ባላጠፋው ሰው ላይ ይወርዳል።

ሦስተኛው ምክንያት ማዕረግ ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። በነዚህ ግሩፖች ውስጥ ደመወዝ የለም፤ ያለው ክፍያ «እገሌ ያውቃል» መባል ነው። ማወቅን ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ፦ ችግሩን መፍታት ወይም ጠያቂውን ማሳነስ። ሁለተኛው በጣም ርካሽ ነው። ችግሩን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ማሰብ ያስፈልጋል፤ «ይህ እኮ መሠረታዊ ነው» ለማለት ግን ምንም ማወቅ አይጠይቅም። «ዊንዶውስ የሚጠቀም ፕሮግራመር አይባልም»፣ «ፒኤችፒ ቋንቋ ነው እንዴ?»፣ «ኤችቲኤምኤል ብቻ የሚጽፍ ራሱን ዴቨሎፐር አይበል» የሚሉት ንግግሮች ሁሉ ከዚህ ምንጭ ይቀዳሉ። የተናጋሪውን ደረጃ ከፍ ያደርጋሉ እንጂ የማንንም ኮድ አያስተካክሉም።

«ጥራት ያለ ቁጣ አይጠበቅም» የሚል ክርክር ይነሣል። ለዚህ ክርክር ከሊነስ ቶርቫልድስ የበለጠ ምስክር አልነበረውም። ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በነሐሴ 1991 ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ሰው የሥርዓቱን እምብርት የከርነሉን ጥራት የሚጠብቀው በቁጡ ኢሜይሎች ነው እየተባለ ለዓመታት ይነገር ነበር። በመስከረም 16 ቀን 2018 ግን ራሱ ቶርቫልድስ በኢሜይል ይሰነዝራቸው የነበሩት ግላዊ ጥቃቶች ሙያዊ ያልሆኑና አላስፈላጊ መሆናቸውን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰዎችን ስሜት መረዳት እንዲችል እርዳታ እንደሚፈልግ ገልጾም ለጊዜው ከሥራው ገለል አለ። ፕሮጀክቱም በዚያው ሰሞን አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ቶርቫልድስ በጥቅምት ተመለሰ። የሊነክስ ከርነል ከዚያ ወዲህም የዓለምን ሰርቨሮችና የአንድሮይድ ስልኮችን ተሸክሞ ቀጥሏል፤ መጥፎ ኮድም ዛሬም ተመላሽ ይደረጋል። ኮድን ያለ ርኅራኄ መመርመርና ሰውን መናቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ ማረጋገጥ አይቻልም። የመጀመሪያው ለሥራው ግዴታ ነው፤ ያለ ሁለተኛው ግን ሥራው ይሄዳል።

የጠያቂው ዕዳ

ሚዛኑን ለመጠበቅ የሌላውን ወገን ጥፋትም መናገር ያስፈልጋል። «ኮዴ አይሠራም» ብሎ ብቻ ለጥፎ የሚጠብቅ፣ የቤት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሠርታችሁ ስጡኝ የሚል፣ አንድን ጥያቄ አምስት ግሩፕ ላይ በትኖ አንዱ ጋ ሲመለስለት ሌሎቹን ሳያሳውቅ የሚጠፋ፣ በእኩለ ሌሊት በግል መልእክት «ሃይ… አለህ?» እያለ የሚወተውት ሰው የሌላውን ጊዜ እየቀማ ነው። የፑቲ ፕሮግራም ደራሲ ሳይመን ታተም በ1999 ስለ ብልሽት አዘጋገብ በጻፈው መመሪያ ያስቀመጠው ሐሳብ እስካሁን አልተሻረም፦ ምን እንዳደረግህ፣ ምን እንደጠበቅህና ምን እንደተፈጠረ ለይተህ ንገር፤ የስሕተቱን መልእክት ቃል በቃል አስቀምጥ፤ ግምትህን ከታየው ነገር አትቀላቅል። ይህን ማድረግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ከጀማሪም ቢሆን መጠበቁ ተገቢ ነው።

የጠያቂ ብልግና እስከምን ሊያደርስ እንደሚችል በ2024 ዓለም አይቷል። ኤክስዜድ የተባለው ፋይል ማመቂያ በብዙ የሊነክስ ሥርዓቶች ውስጥ ያለ መሣሪያ ሲሆን፣ ለዓመታት ሲንከባከበው የቆየው ላሴ ኮሊን የተባለ በጎ ፈቃደኛ ነው። በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች በፕሮጀክቱ የኢሜይል መስመር ላይ «ዘገየህ»፣ «ካልቻልክ ለሌላ ልቀቅ» የሚል ተደጋጋሚ ጫና ያደርጉበት ጀመር። እሱም የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራው ያለክፍያ የሚሠራው መሆኑን ገልጾ ነበር። ከዚያ ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ «ረዳት» ኀላፊነት እየተሰጠው መጣ፤ በ2024 መጀመሪያም ይኸው ሰው ወደ ሰርቨሮች ሊያስገባ የሚችል ድብቅ በር በፕሮግራሙ ውስጥ ቀበረ። የማይክሮሶፍት መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ባይመረምርና በመጋቢት 29 ቀን ባያጋልጠው ኖሮ ጉዳቱ እጅግ ሰፊ በሆነ ነበር። ጫና ያደርጉ የነበሩት ስሞች የዚሁ ሤራ አካል እንደነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ያምናሉ። ነጻ አገልጋይን ማዋከብ የተለመደ ነገር በመሆኑ፣ የሤረኞቹ ውትወታ ከተራው ተጠቃሚ ውትወታ ተለይቶ አልታየም። የሥነ ምግባር ጉድለት የደኅንነት ቀዳዳ ሆነ።

ስለዚህ ዕዳው የጋራ ነው፤ እኩል ግን አይደለም። ወጉን የሚያውቀው ነባሩ ነው፤ አዲሱ ወጉን የሚማረው ከነባሩ አቀባበል ነው። ጥያቄህን አስተካክል ማለት ይቻላል፤ እንዴት እንደሚስተካከል ማሳየት ግን አብሮ ሊመጣ ይገባል።

የማይቆጣው ማሽን

በኅዳር 30 ቀን 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲከፈት ጀማሪዎች የማይቆጣ መላሽ አገኙ። አንድን ነገር ዐሥር ጊዜ ብትጠይቀው ዐሥር ጊዜ ይመልሳል፤ አይሥቅም፣ ነጥብ አይቀንስም። ፒኤንኤኤስ ኔክሰስ በተባለው የምርምር መጽሔት በ2024 የወጣ ጥናት፣ በስድስት ወር ውስጥ የስታክ ኦቨርፍሎው እንቅስቃሴ 25 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል፤ ያነጻጸረውም ቻትጂፒቲ እንደልብ ከማይገኝባቸው ከሩሲያና ከቻይና ተመሳሳይ መድረኮች ጋር ነው። ሰው የሄደው ፍጥነቱንም ፈልጎ ነው፤ ነገር ግን መድረኩ ለእንግዳ የሚመች ቢሆን ኖሮ ብዙዎች ለመልቀቅ እንዲህ ባልቸኮሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ለጀማሪው እፎይታ ነው፤ እፎይታውንም አልንቅበትም። ችግሩ ከማሽን ጋር የተደረገ ውይይት ለሌላ ሰው አለመትረፉ ነው። ጠያቂው መልሱን ይዞ ይሄዳል፣ ገጹ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ሰው ከዜሮ ይጀምራል። መልሱ ስሕተት ቢሆን «ተጠንቀቅ፣ ይህ አይሠራም» የሚል ሦስተኛ ሰው በአጠገቡ የለም። ማሽኑ ራሱም የተማረው ሰዎች በአደባባይ ጠይቀው በአደባባይ ከመለሱት ነው፤ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ በግንቦት 2024 ከስታክ ኦቨርፍሎው ጋር የትብብር ስምምነት የተፈራረመው ያ ክምችት ዋጋ ስላለው ነው።

እንግሊዝኛ የዐሥራ አምስት ዓመት ክምችት ይዞ ነው እዚህ የደረሰው። አማርኛ ግን ገና መጀመሩ ነው። ፓይተን ሁለት ቦታ ሲጫን ምን እንደሚሆን፣ የግዕዝ ፊደል ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እንዴት እንደሚቀየር በአማርኛ በግልጽ ተጠይቆ፣ በግልጽ ተመልሶ፣ ለሚፈልገው ሁሉ ተቀምጦ የሚገኝበት ቦታ ከጣት ቁጥር አይበልጥም። ቴሌግራም ላይ የተሰረዘችው ጥያቄ ከዚህ ትንሽ ክምችት ላይ የተቀነሰች ናት።

የእኛ ፈንታ

ይህ ጉዳይ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ስለ ኮድ ሰምተው የማያውቁ ወጣቶችን ወደ መስኩ እየጋበዘ ነው። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው ድረ ገጽ ነው፤ ስሕተት ሲያጋጥማቸው ግን የሚሮጡት ወደ ቴሌግራም ግሩፖች ነው። በዩዝኔት ላይ የደረሰው የቁጥር መገልበጥ እየመጣብን ነው፤ ልዩነቱ እኛ ቀድመን ማየት መቻላችን ብቻ ነው።

መፍትሔው ሰዎችን «ደግ ሁኑ» ብሎ በመምከር አያልቅም፤ አሠራር ያስፈልገዋል። ቴሌግራም እንደ ወራጅ ውሃ ስለሆነ ዛሬ የተሰጠ ጥሩ መልስ ነገ በሺህ መልእክት ይቀበራል፤ ጥያቄው የሚደጋገመውም ነባሩ የሚሰለቸውም በዚህ ነው። አድሚኖች በየርእሱ ሃሽታግ ቢያስለምዱ፣ ተደጋጋሚዎቹን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጎግል ሊያገኘው በሚችል ክፍት ገጽ ላይ በአማርኛ ቢያስቀምጡና ሊንኩን ፒን ቢያደርጉ የነባሩ ድካም በግማሽ ይቀንሳል። «ከዚህ በፊት ተመልሷል» የሚል ሰው የተመለሰበትን ሊንክ አብሮ እንዲያስቀምጥ የግሩፑ ሕግ ያስገድድ። ሊንኩን ማግኘት ለነባሩም ከከበደው ጀማሪው እንዴት ያገኘዋል? ጠያቂውም መፍትሔ ሲያገኝ ምን እንደሠራለት ጽፎ እንዲዘጋ ይጠየቅ። የሚያሾፍ መልስ በአድሚን ይሰረዝ፤ ለጊዜው ጥያቄ ብቻ ነው የሚሰረዘው።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የመርዳቱ ሥራ ለሊቆች ብቻ መተው የለበትም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉንም ተማሪ ራሱ አያስጠናም፤ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ከሱ በኋላ የመጣውን ያስጠናል፣ መምህሩ ከበላይ ሆኖ ያርማል። ዳዊት የሚደግመው ልጅ፣ ፊደል ቆጣሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ገና ትዝ ይለዋል። በግሩፖቻችንም ከስድስት ወር በፊት ፓይተን የጀመረች ልጅ ዛሬ ለሚጀምረው ልጅ ከዐሥር ዓመት ባለሙያ የተሻለች አስረጂ ልትሆን ትችላለች፤ ፓዝ ያልገባት ጊዜ ሩቅ አይደለምና። ባለሙያው ደግሞ ስትሳሳት ያርማታል፤ የሱ ዕውቀት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሊሰጥ የሚገባውን መልስ እዚህ ልጻፈው። «ሰላም ወንድሜ፤ ላፕቶፕህ ላይ ሁለት ፓይተን ሳይኖር አይቀርም። ኮድህ መጀመሪያ ላይ ‹ኢምፖርት ሲስ› ብለህ፣ ቀጥለህ ‹ሲስ ዶት ኤክስኪውተብል›ን ፕሪንት አድርገው፤ የትኛው ፓይተን እየሠራ እንደሆነ ያሳይሃል፣ ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከዚያ በዚያው ፓይተን ‹ዳሽ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ› ብለህ ጫነው። እንቢ ካለህ ያወጣውን መልእክት ላክልን፤ ፎቶው ላይ ነጸብራቅ ስላለ የታችኛውን መስመር በጽሑፍ ብትልከው ይሻላል።» ይህን ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ችግሩን ይፈታል፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ እንዴት እንደሚያቀርብ ያስተምረዋል፣ ለቀጣዩ ጠያቂም ተቀምጦ ይጠብቃል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ደግሞ ሙያ ይቀራል። ጥያቄ እንዳይፈራ የማድረግ ሥልጣን ያለው በየግሩፑ ለዓመታት የቆየው፣ ስሙ የሚታወቀው፣ ቃሉ የሚሰማው ሰው ነው። እሱ አንድ ጀማሪን በአደባባይ በአክብሮት ሲመልስ ሌሎች አይተው ይከተሉታል፤ ሲያሾፍም እንዲሁ። መጪዎቹ ወጣቶች ሙያውን ይወርሱት ወይስ ከደጃፉ ይመለሱ የሚለውን ነገር በብዛት የሚወስነው የዚህ ሰው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ነው።